በእርጅናዬ ዘመን አልጣለኝም

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እንባ እየቀደመኝ ነው የምናገረው፤ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት።

የኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ እንዳለ ካወቅሁ ብዙ ዘመን ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ጀመርኩ። ያኔ አጥንቴ ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ ማታ 2 ሰዓት ክኒኔን ሳልውጥ አድሬ አላውቅም። 60ን ስሻገር እግሬ ይደነዝዝ፣ ስም ይጠፋኝ፣ ወጥ ያርርብኝ ጀመር። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ያቺ ማታ ግን! ልጄ የማታ ሥራ ገብታለች። የስልኬ ደወል ጮኸ። ብልቃጡን ያዝኩ። ውጬ ነው ወይስ ልውጥ ነው? ጠፋብኝ። ክኒኑን ዘርግፌ ቆጠርኩ፤ መሃል ላይ ቁጥሩ ይጠፋኛል። እንደገና ጀመርኩ። አላበኝ። ልጄን ልጠይቅ ብዬ በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። የት እንደምትሠራ ግን አላስታውስም። መብራት ጠፍቷል። ሄድኩ፣ ሄድኩ። የደንገሉ ሽታ ሲመጣብኝ ጣና ዳር መድረሴ ገባኝ። ዕድሜዬን የተመላለስኩበት መንገድ የሰው አገር ሆነብኝ። ከኋላዬ ውሻ ይጮሃል። እግሬ መሬቱ አልሰማው ብሎ ጭቃ ላይ ወደቅሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ከፈጣሪ ጋር ተጣላሁ። «ባሌን ስትወስድ ዝም አልኩህ። አእምሮዬን ልትወስድ ነው ያኔ ያተረፍከኝ?» ብዬ ጮህኩበት። አፌ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ወዲያው «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» አልኩ። ሰፈሬ የጠፋብኝ ሴትዮ ዳዊቱ አልጠፋኝም!

የባጃጅ መብራት መጣ። «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ አንድ ልጅ። ብልቃጡን በእጄ አየው፤ ምንም አላለም። ጃኬቱን አለበሰኝ፤ ከስልኬ ላይ የመጨረሻውን ቁጥር ደወለ። ልጄ ነበረች። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። ጃኬቱ እኛ ቤት ነው፤ የሚያውቀው ይንገርልኝ። እግዜር ይስጠው።

በማግስቱ የኤአርቲ፣ ማለት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክሊኒክ፣ ኬዝ ማናጀር፣ እኛን ታካሚዎቹን የምትከታተለው፣ እሷም እንደኔው መድኃኒት የምትወስድ፣ እጄን ይዛ ሐኪም ዘንድ አስገባችኝ። ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። «ቢታፈንም ለዓመታት ሰውነትን ሲያስቆጣ ስለሚኖር አንጎልንም ጉልበትንም ቀድሞ ሊያስረጅ ይችላል» አለኝ ሐኪሙ። ደሜ ሲመረመር ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 አንሶ ተገኘ። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ እኔ ጾም ገድፌ አላውቅም። በዕድሜም ሆድ እንደ ድሮው አይቀበለውም አሉኝ። ይሄኛው ግን ይታከማል! መርፌ ታዘዘልኝ። የንስሐ አባቴም «ወተቱን ጠጪ፣ ታመሻል» ብለው ፈቱኝ። እኔ ነበርኩ የተከራከርኳቸው።

ወራት አለፉ፤ ጭንቅላቴ እየጠራ መጣ። ሁሉም አልተመለሰም። በከዘራ ነው የምሄደው፤ ስም አሁንም ይጠፋኛል። ክኒኔን ልጄ በየቀኑ በተከፋፈለ ሳጥን ታስቀምጥልኛለች፤ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ውጫለሁ ማለት ነው።

ዣንጥላ ተስያለሁ። ለየካቲት 16 ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አደርሳለሁ፤ ጀልባው ላይ ስወጣ ልጄ ትደግፈኛለች። ክብር ለእርሱ ይሁን።