ከድሮ ደብዳቤ ላይ መገልበጥን እንዴት እንዳቆምን

ቢሯችን ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ የተዛወረው በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ጥር ላይ አንድ የጨረታ ግብዣ አመለጠን። ደብዳቤው ተጽፎልን ነበር፤ የሄደው ግን ወደ ድሮው ሕንፃ ነው። እዚያ ያለው ጥበቃ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። እኛ ጋ ሲደርስ ሰነድ ማስገቢያው ቀን አልፏል።

ስናጣራ ላኪዎቹ አልተሳሳቱም። አድራሻችንን የወሰዱት ኅዳር ላይ እኛው ራሳችን ከጻፍንላቸው ደብዳቤ ግርጌ ነው። የድሮው ሕንፃ ስም፣ የድሮው ፎቅ፣ የድሮው የቢሮ ቁጥር እዚያ ቁጭ ብሏል። ከተዛወርን ሁለት ወር አልፎን!

የምሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ የአይቲ ሰው አይደለሁም። ግን ነገሩ አላስተኛኝም። በማግስቱ የጋራ ፎልደራችንን ከፍቼ የስድስት ወር ደብዳቤዎችን አንድ በአንድ አየሁ። 11 ዓይነት ራስጌ ቆጠርኩ። አርማው አንዱ ላይ በግራ፣ ሌላው ላይ መሃል፣ ሌላው ላይ ወደ ጎን ተለጥጦ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን አንድ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ከላይ ያለው ስም ተቀይሯል። ከታች ያለው ደመወዝ ግን የሌላ ሰው ነው። ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ወጥቷል።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። እኛ ቢሮ ደብዳቤ ከባዶ የሚጽፍ ሰው የለም። ሁሉም የድሮውን ይከፍታል፣ «ሴቭ አዝ» ይላል፣ ስሙን ያጠፋል፣ አዲሱን ይተካል። የዘለለው ነገር እንዳለ ይሄዳል። እኔም ለዓመታት ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ቴምፕሌት፣ ማለትም ቅርጹ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሞዴል ሰነድ፣ እንደሆነ አውቅ ነበር። ወርድ ላይ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ሁለቴ ክሊክ ተደርጎ ሲከፈት ራሱ አይከፈትም፤ ቅጂው ነው የሚከፈተው። ስም ያልተሰጠው አዲስ ሰነድ ይወጣል፣ ዋናው ሳይነካ ይቀራል። 14 ኮምፒውተር ላላት ትንሽ ቢሮ ይህ በሁለት ቀን የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ ደብዳቤ የሚጽፉልን እትዬ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቢሮው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። አንድ ሙሉ ቀን ሲጽፉ አየሁ። ቁጥርና ቀን በስተቀኝ፣ ከዚያ «ለ» ተብሎ ተቀባዩ፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦» ተብሎ ከሥሩ ይሰመራል፣ መጨረሻ ላይ «ከሠላምታ ጋር»፣ በግራ በኩል «ግልባጭ»። ይህን ሁሉ የሚያስተካክሉት ስፔስና ኢንተር እየደጋገሙ ነው። አንድ ቃል ሲጨመር ፊርማው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። ያን ቀን አጠገባቸው ባልቀመጥ ኖሮ ውብ ግን የማይሠራ ነገር እሠራ ነበር። ለምሳሌ ግልባጩ አንዳንዴ ለአንድ ክፍል፣ አንዳንዴ ለስድስት ክፍል እንደሚሄድ፣ ቦታውም መለጠጥ እንዳለበት ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

ከዚያ ሁሉንም በስታይል ሠራሁት፤ ስታይል ማለት የፊደሉን፣ የመጠኑንና የርቀቱን ምርጫ በአንድ ስም የሚይዝ ነው። «ጉዳዩ» የራሱ ስታይል፣ አካሉ የራሱ፣ ግልባጩ የራሱ። ራስጌው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ እንዲወጣ «ዲፈረንት ፈርስት ፔጅ» የሚለውን አበራሁ። አርማውንም ቀየርኩት። እስከዚያ የምንጠቀምበት ፎቶ በጣም ከባድ ስለነበር አንድ ገጽ ደብዳቤ 4 ሜጋባይት ይመዝን ነበር።

ለሥራ ልምድ ማስረጃው ያገኘሁትን መላ ለሁሉም ሰው እነግራለሁ። «ኢንሰርት» ውስጥ «ኩዊክ ፓርትስ»፣ ከዚያ «ዶክመንት ፕሮፐርቲ» የሚል አለ። ከዚያ የተመረጠ አንድ ሳጥን በደብዳቤው ውስጥ ሦስት ቦታ ቢቀመጥ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው በሦስቱም ላይ ይሞላል። የሠራተኛው ስም አሁን አንዴ ብቻ ነው የሚጻፈው። ለደመወዙ ደግሞ «ዴቨሎፐር» ከሚለው ታብ የጽሑፍ ሳጥን አስገባሁ፤ ውስጡ «ደመወዝ እዚህ ይጻፉ» ይላል። ካልተሞላ ጽሑፉ እንዳለ ይታተማል። ፈራሚው ሳያየው አያልፍም። የሌላ ሰው ደመወዝ ይዞ ከመውጣት ይህ በስንት ጣዕሙ!

ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉ መልክ፣ ግን ፈተና ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ስለሆነ አንዳንዱ ጋ አይገኝም። ፎንቱ ሲጠፋ ወርድ በሌላ ይተካዋል፤ ያኔ መስመሩ ይሰፋል፣ አንድ ገጽ የነበረው አንድ ተኩል ይሆናል። በመጨረሻ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን መረጥኩ። በነፃ የሚገኝ ነው፣ ለማንበብም ደስ ይላል። 14ቱም ላይ ጫንኩ። ቴምፕሌቱ ውስጥም ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲሄድ በ«ሴቭ» ምርጫዎች ውስጥ «ኢምቤድ ፎንትስ» የሚለውን አበራሁ። ወደ ውጭ የሚላከው ደግሞ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ ሆኖ ነው።

አማርኛና እንግሊዝኛ በሚቀላቀሉበት ቦታ መስመሮቹ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ እየሆኑ አስቸገሩኝ። ሁለቱ ፎንቶች ቁመታቸው ስለሚለያይ ነው። የመስመሩን ርቀት «ኤግዛክትሊ» አድርጌ በቁጥር ስወስነው እኩል ሆነ፣ ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስካን የተደረገ ሥዕል ሲያስገባ ቀጭን ክር ብቻ ታየው። ርቀቱ በቁጥር ሲወሰን ጽሑፍ መሃል የሚገባ ሥዕልም በዚያው ቁመት ይቆረጣል። ለሥዕል የሚሆን ሌላ ስታይል ጨመርኩ።

የድሮ ውሎቻችን ሌላ ጣጣ ነበሩ። ብዙዎቹ የተጻፉት ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለፊደላት ከሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) በፊት በተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ከሥር የሚያስቀምጡት የላቲን ፊደል ነው፤ እኛ «ሀ» ብለን የምናነበው ፎንቱ እንደዚያ አድርጎ ስለሚያሳየን ነው። ያን ጽሑፍ አዲሱ ቴምፕሌት ላይ ስንለጥፈው፣ ስታይሉ ፎንቱን ይቀይረውና የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ሁለት የውል ዓይነቶችን እንደገና ተየብናቸው። አማራጭ ፈልጌ ብዙ ጊዜ አባከንኩ፤ ለሁለት ሰነድ መተየቡ ይፈጥን ነበር።

ቀኑንም መናገር አለብኝ። ለእንግሊዝኛው ደብዳቤ ቀኑ በራሱ እንዲሞላ አደረግኩት። ከወር በኋላ ኦዲተሮች አንድ ደብዳቤ ጠየቁን። ከፍተን ስናትመው የዚያን ዕለት ቀን ይዞ ወጣ። ለካ «አፕዴት ኦቶማቲካሊ» የሚለው ምልክት ሲበራ ቀኑ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ይቀየራል! ደግነቱ የተፈረመው ወረቀት መዝገብ ቤት ነበር። በራሱ የሚቀየረውን ቀን አውጥቼ ሰነዱ የተፈጠረበትን ቀን ብቻ የሚይዘውን «ክሪኤት ዴት» አስገባሁ። በአማርኛው ላይ ግን ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ በእጅ ይሞላል። ቁጥሩም እንደዚያው፤ እሱ ከመዝገብ ቤት ነው የሚመጣው፣ ኮምፒውተር እንዲገምት አልፈለግኩም።

ቴምፕሌቱን ጨርሼ «ወርድ ቴምፕሌት» ብዬ ሴቭ አደረግኩ። ለሁሉም ተናገርኩ። ማንም አላገኘውም። ይህን ዓይነት ፋይል ሲመርጡ ወርድ ሳይጠይቅ ወደ ራስዎ «ከስተም ኦፊስ ቴምፕሌትስ» ፎልደር ይወስደዋል፤ የኔ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር የተቀመጠው። ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም የጋራ ፋይሎቻችን ወደሚቀመጡበት ኮምፒውተር፣ አዛወርኩት። ከዚያ በየኮምፒውተሩ እየዞርኩ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ»፣ ከታች መጨረሻ አካባቢ «ፋይል ሎኬሽንስ» ገብቼ፣ «ወርክግሩፕ ቴምፕሌትስ» በሚለው ላይ የሰርቨሩን ፎልደር አሳየሁት። ከዚያ በኋላ «ኒው» ሲባል የእኛም ቴምፕሌቶች ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። ብዙ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ የአይቲ ክፍሉ ከአንድ ቦታ ሊያደርገው ይችላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም አዲስ ደብዳቤ የአንድ ሠራተኛን የዓመት ፈቃድ ጥያቄ ይዞ ተከፈተ። ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ ካደረጉት ቅጂው ይወጣል። ከወርድ ውስጥ «ኦፕን» ብለው ከከፈቱት ግን ዋናው ነው የሚከፈተው። ባልደረባችን እንደዚያ ከፍቶ፣ ጽፎ፣ ሴቭ አድርጎ ሄደ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ፎልደሩን ሁሉም እንዲያነበው ብቻ አደረግኩት። ማስተካከል የምንችለው እኔና እትዬ ብቻ ነን። ቴምፕሌት ለጋራ የሚያወጣ ሰው ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ያድርግ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሁለተኛው ወር፣ የጋራ ፎልደሩን እንደገና አየሁ። ግማሹ ደብዳቤ አሁንም ከድሮው የተገለበጠ ነው። ልቤ ተሰበረ። እትዬን ጠየቅኳቸው። ሳይሸሽጉ ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ያንተ ቆንጆ ነው። ግን ወርድ እከፍታለሁ፣ ኒው እላለሁ፣ ደግሞ የእኛን እፈልጋለሁ። ያንን ሁሉ ከምሄድ የትናንቱን ደብዳቤ ብከፍት አይቀለኝም?»

እውነታቸውን ነው። የትናንቱ ደብዳቤ በሁለት ክሊክ ይከፈታል። የኔ አምስት ይፈልጋል። ሰው ሥራ በዝቶበት፣ ሥራ አስኪያጁ እየጠበቀው፣ ትክክለኛውን ሳይሆን ቅርቡን ነው የሚይዘው። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ትክክለኛው ብቻ ነበር ያሰብኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በየዴስክቶፑ ላይ አራት ሾርትከት፣ ማለትም ቴምፕሌቱን በቀጥታ የሚከፍት ምልክት፣ አስቀመጥኩ። «ደብዳቤ»፣ «የሥራ ልምድ»፣ «ቃለ ጉባኤ»፣ «ውል»። ሁለቴ ክሊክ፣ አለቀ። ስማቸውንም እኔ የሰጠሁትን ረጅም ስም ትቼ እትዬ በሚጠሩበት አደረግኩት። የ2015ን ደብዳቤዎች በሙሉ ደግሞ «ማኅደር» ወደሚል ፎልደር አዛወርኩ፤ ይነበባሉ፣ ግን ቅርብ አይደሉም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መገልበጡ ቆመ ማለት ይቻላል። ስብሰባ አልጠራሁም፣ ማስታወቂያም አልለጠፍኩም።

ያልፈታሁትም አለ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሾርትከቱ አይከፈትም። ለዚያ እትዬ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቅጂ አለ፤ ቴምፕሌቱን በነካሁ ቁጥር ያንንም መቀየር አለብኝ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሰርቨሩ ስም ሲቀየር የቆዩ ደብዳቤዎች ለመከፈት ደቂቃ መፍጀት ጀመሩ። እያንዳንዱ ደብዳቤ የተወለደበትን ቴምፕሌት አድራሻ ይዞ ስለሚዞር፣ ወርድ የሌለውን ሰርቨር ሲፈልግ ነው የሚዘገየው። የድሮውን ስም መለስንለት። ከመጀመሪያው የማይቀየር ስም ቢሰጠው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

አንዳንዶች ቴምፕሌቱ ሲታደስ የተላኩት ደብዳቤዎችም አብረው ለምን አይታደሱም ይሉኛል። ራስጌና ግርጌው ድሮም አይታደስም፤ ስታይሉ ግን እንዲከተል ማድረግ ይቻላል። እኔ አላደረግኩትም። የተላከ ደብዳቤ እንደተላከ መቆየት አለበት።

ባለፈው ወር የቢሯችን ስልክ ተቀየረ። ከምሳ በፊት ቴምፕሌቶቹን ከፍቼ ግርጌው ላይ ያለውን ቁጥር አስተካከልኩ፣ የእትዬንም ቅጂ ቀየርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከሰዓት አንድ ደብዳቤ ለፊርማ ሲገባ ደረስኩና መጀመሪያ ያየሁት ግርጌውን ነው። አዲሱ ቁጥር ነበር።