በፋሲል ግቢ ፎቶ ልታሳዩ ካሰባችሁ የግድግዳውን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ

የአዝማሪዎችን ፎቶ ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ማሳየት የቆየ ምኞቴ ነበር። የመረጥኩት ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት የዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ የመዝሙር አዳራሽ ነው። ግቢው 900 ሜትር በሚሆን ግንብ የታጠረ ምሽግ ነው፤ ዜማ ግን ከጥንትም ቤቱ ነበር።

ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ ተመላልሼ ማህተሙን አገኘሁ። ኅትመቱና ጭነቱም አላስቸገረኝም።

ጉዱ የመጣው ሲሰቀል ነው። ዝግጅት የሚያሰናዳ ድርጅት ቀጥሬ ነበር። ግድግዳ እንደማይነካ ውላችን ላይ ተጽፏል። በመክፈቻው ዋዜማ ስደርስ ሠራተኞቹ ድሪል ይዘው መሰላል ላይ ወጥተዋል። አንድ አዛውንት ጥበቃ ከሥር ቆመው «እኔ እያለሁ አንድ ድንጋይ አይበሳም!» ይላሉ። ፈቃዱን የፈረመው ኃላፊ ጋ ደወልኩ። «ጥቂት ቀዳዳ ናት፣ አታካብጂው» አለኝ።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ግንብ አያይዞ ያቆመው ኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ ጠገኑት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ባለሙያዎች ያንን እያነሱ በኖራ መለሱት። ይህ ሁሉ ተለፍቶበት፣ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበም ስንት ዘመን ሆኖት፣ የቅርስ ኃላፊ እንዲህ ይላል? ግንቡን ያዳኑት ጋሼ ጥበቃው ናቸው፤ ደመወዛቸው ግን የእሱን ሩብ እንኳ አይሆንም ብዬ እገምታለሁ።

ድርጅቱን እዚያው አሰናበትኩ። ቀብዱን እስካሁን አልመለሰም። የከተማው አናጺ ሌሊቱን ሙሉ በባሕር ዛፍ ራሱን ችሎ የሚቆም ማንጠልጠያ ሠራልኝ፤ እግሩን አሸዋ በተሞላ ጆንያ አሰርነው። ንፋሱ አልጣለውም። ጣሪያ በሌለው አዳራሽ፣ በጠዋት ብርሃን ፎቶዎቹ እንዴት እንዳማሩ! በጣም ኮርቻለሁ።

ቢሮዎቹ «ደብዳቤ አስገብታችሁ ስልክ ጠብቁ» ይላሉ። አትጠብቁ፣ በአካል ሂዱ። ከከተማ ውጭ ድርጅት ከማምጣት የጎንደር አናጺ ይሻላል። ከኃላፊው በፊት ጥበቃዎቹን አማክሩ፤ ውሃ የሚያቁረውን ጥግ፣ ፀሐይ የሚበረታበትን ሰዓት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ክረምት ላይ ግን በፍጹም አታስቡት።

ፈቃድ ሰጪዎቹ ማመልከቻው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ሥራው በምን ይሰቀላል? እኔን ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።