የእማዬ ካርድ ፒያሳ ቀርቷል

ትናንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስተን ከእማዬ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ከከተማው ዳር ከአራብሳ፣ መሃል ከተማ ፒያሳ። አዎ አራብሳ እየኖርን ፒያሳ ነው የምንታከመው፣ "እዛው አጠገባችሁ ጤና ጣቢያ የለም እንዴ" የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እማዬ ስኳርም ግፊትም አለባት። ስኳሩ አስራ ሁለት አመት አልፎታል፣ የኢንሱሊን መርፌ ከጀመረች ደግሞ አምስት አመት። ፒያሳ እያለን እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር፣ እና የቀበሌ ሴቶች ቤት ለቤት ሲዞሩ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አስገቧት። ያው ታውቁታላችሁ፣ ደሞዝተኛ ላልሆነ ሰው የተሰራው፣ በአመት አንዴ ለመላው ቤተሰብ የሚከፈለው። 2003 ላይ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ነው የተጀመረው፣ አዲስ አበባ የደረሰው ቆይቶ ነው። እኔ ብር ሰብስበው ዝም ይላሉ ብዬ ነበር፣ ግን ሰራላት! ካርድ ማውጫ፣ ላብራቶሪ፣ የስኳሩ ክኒን (ሜትፎርሚን)፣ በየቀጠሮው ከመቀነቷ የምትፈታው ብር ቀረላት። ይሄን ሳልናገር ማማረር ግፍ ነው።

ችግሩ የመጣው 2016 ላይ ሰፈሩ ሲነሳ ነው። እኛ አራብሳ ገባን፣ ጎረቤቶቻችን ግማሹ ገላን ጉራ ግማሹ ሌላ ቦታ ተበተነ፣ የእማዬ መዝገብ ግን ፒያሳ ቀረ። መድኑ ደግሞ ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ የተመዘገብሽበት ጤና ጣቢያ፣ እዛ ካልተቻለ በሪፈር ሆስፒታል፣ ዝም ብለሽ ሆስፒታል ብትሄጂ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ከኪስሽ ነው። ሆስፒታሉን ራሱ መምረጥ እኮ የአዲስ አበባ ሰው እውቀት ነው፣ አይን ከሆነ ምኒልክ፣ ቃጠሎ ከሆነ የካቲት 12፣ ቆዳ ከሆነ አለርት፣ የአእምሮ ከሆነ አማኑኤል፣ ይሄን ታክሲ ረዳት ሁሉ ያውቀዋል። ያለ ወረቀት ግን እውቀቱ ብቻውን የትም አያደርስም። አንድ ጊዜ እዚሁ ቅርባችን ያለ ጤና ጣቢያ ወስጃት "እማማ እኛ መዝገብ ላይ የሉም፣ ከነበሩበት መሸኛ ያምጡ" ብለው መለሱን። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ ሊፍት የለም፣ እግሯ ደግሞ ያብጣል፣ ያን ቀን ደረጃውን ስንወጣ ሶስት ቦታ አረፍን። ዶክተሩ "በእግርዎ ይንቀሳቀሱ" ብሏታል፣ እማዬ ደግሞ "ቤቴ መግባት ራሱ እንቅስቃሴ ሆኗል በሉት" ትላለች።

እና ትናንት። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ፣ ስንደርስ ገና አልነጋም፣ በሩ ላይ ግን ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተደርድሯል። ጥበቃው ቁጥር የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ ያድላል፣ 17 ደረሰን። ደሟን በባዶ ሆድ ሰጠች፣ ውጤት ጠበቅን፣ ሲስተሯ ጋር ገባን። ሲስተሯ ፊቷን ሳታቀና ነው የምትጽፈው፣ ድሮ ቢሆን እናደድ ነበር፣ ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎቹ በደሞዝ ምክንያት ስራ ሲያቆሙ የሚከፈላቸውን ከሰማሁ በኋላ ግን አፌን መዝጋት ለምጃለሁ።

5 ሰዓት አካባቢ መድኃኒት መስኮቱ ጋር ደረስን። ልጁ ወረቀቱን በስክሪፕቶ እየነካ፣

"ሜትፎርሚን አለ። የግፊቱ አለ። ኢንሱሊኑ የለም።"

"መቼ ይገባል?"

"እንጃ እህቴ፣ ውጪ ሞክሩ።"

ውጪ ማለት ግል መድኃኒት ቤት ማለት ነው፣ እዛ ደግሞ የመድን ካርድ ፎቶ ያለበት ወረቀት ከመሆን አያልፍም። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ሲነሳ እያየን ነው፣ ኢንሱሊን ደግሞ እንደ ሹራብ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ አይባልም። ሶስተኛው ቤት ላይ አገኘን። ሙቀት እንዳያገኘው ከጁስ ቤት በረዶ ለመንኩ፣ በረዶው ራሱ እንዳይነካው ደግሞ (በረዶ ከሰራ ይበላሻል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም) ብልቃጡን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ አደረግኩት። እቤት ስንደርስ መብራት የለም። ሸክላ ማሰሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ውስጡ አስቀመጠችው፣ ዘዴውን ማንም አላስተማራትም፣ ቅቤ የምታስቀምጥበት ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። መሸኛው ተጽፎ ካለቀ ወር አልፎታል። ተመላልሼ አስጽፌዋለሁ፣ ማህተሙም አለው፣ አራብሳ ወስዶ ማስመዝገብ ብቻ ነው የቀረው። እማዬ ቴሌቪዥኑ ስር ከታዋለች። ስጠይቃት "ትንሽ ይቆይ" ትላለች፣ እኔም ያረጀ ሰው ግትርነት ነው ብዬ ነበር፣ ትናንት ነው የገባኝ። ወረፋው ላይ የድሮ ጎረቤታችን ከገላን ጉራ መጥታለች፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ የነበሩት ሰውዬ ለግፊታቸው መጥተዋል፣ ሌላም አንድ ሁለት ሰው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች፣ እድሩ ይፍረስ አይፍረስ ሲባባሉ እማዬ ቁጥሯ ተጠርቶ እንኳን አልሰማችም፣ እኔ ነኝ የነቀነቅኳት። ቀጠሯቸውን ሁሉ አንድ ቀን እንዲያደርጉላቸው ሲስተሯን እንደለመኑ የሰማሁትም እዛው ነው።

የሚቀጥለው ኅዳር 12 ነው። ማታ ስትተኛ "ያን ለታ ቀደም ብለን እንውጣ፣ ዛሬ ጥሩውን ቦታ ሌሎች ያዙብን" አለችኝ።