ላኪም፣ አንባቢም፣ ገጽ አቀናባሪም ሆኜ ያየሁት የተማሪዎች መጽሔት

ግጥም መላክ ስጀምር የዩኒቨርሲቲያችንን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የማየው እንደ ፈተና ውጤት ሰሌዳ ነበር። የጎበዙ ስም ይወጣል፣ የቀረው ይቀራል። በኋላ የሚላኩትን ከሚያነቡት አንዱ ሆንኩ፤ ቀጥሎም ገጽ ከሚያቀናብሩት ልጆች ጎን መቀመጥ ጀመርኩ። ከሦስቱም ቦታ ሳየው እያንዳንዱ እትም ራሱ አንድ ድርሰት ነው፤ የኔ ግጥም በዚያ ድርሰት ውስጥ አንድ ስንኝ ነበር። ይህን ማወቄ አጻጻፌንም፣ አላላኬንም፣ "አልተመረጠም" የሚል መልስ ሲመጣ የሚሰማኝንም ለወጠው።

ከአላላክ ልጀምር። መጽሔቱ ሥራችሁን ላኩ ብሎ ጥሪ ሲያወጣ ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ማስታወሻ ደብተራችን ነው። እኔ የቆዩ እትሞችን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አስቀደምኩ። የአዘጋጆቹን ምርጫ ልገምት ብዬ አይደለም፤ ያ ከንቱ ድካም ነው፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ተማሪዎች ስለሆኑ ተመርቀው ይሄዳሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። ማወቅ የፈለግኩት እስካሁን ምን ምን እንደተባለ ነው። የናፍቆት ግጥም ሞልቷል። በጓደኛ ስለመቅናት፣ ስለ ግቢው የሌሊት ጥበቃ የጻፈ ግን አላገኘሁም። ከዚያ ወዲያ የምልከውን የምመርጠው ሌላ ሰው ይህን ሊልክ ይችል ነበር ወይ እያልኩ ሆነ።

ከመላኬ በፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ። በግጥም ላይ ጆሮ ቶሎ የሚይዛት ቤት ለመምታት ብቻ የገባችውን ቃል ነው። ሐሳቡ ያለ እሷ አልቋል፤ እሷ ለድምፅ ስትባል ተጎልታለች። እንዲህ ያለችውን ሳገኝ ከእሷ ጋር ከመታገል ከላይ ያለውን ስንኝ አፈርስና ቤቱን ወደ ሌላ ድምፅ አዞረዋለሁ። በአጭር ልቦለድ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ሸፍኜ ከሁለተኛው እጀምራለሁ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከሄደ የመጀመሪያው ገጽ ለኔ ማሟሟቂያ ነበር ማለት ነው፤ ይወጣል። (ይህ ሁሉ ገጸ ባሕርይ ታሪኩን ለምን ከእንቅልፉ በመንቃት እንደሚጀምር እስካሁን አይገባኝም።)

አንባቢ ስሆን ጽሑፎቹ የሚደርሱን ስማቸው ወጥቶ በቁጥር ነበር። ስሞቹን ከነቁጥራቸው የሚይዝ አንድ ሰው አለ፤ እሱ ድምፅ አይሰጥም። እያንዳንዱን ሥራ ሦስት ሰው ለየብቻው ያነበዋል። አስተያየቱን ቀድሞ ያልጻፈ ሰው ወደ ውይይት አይገባም፤ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የተናገረው ሌላውን ይዞት ይሄዳልና። ስም ቢወጣም የቅርብ ጓደኛን ብዕር መለየት አይከብድም። የለየ ሰው "ይህን አውቀዋለሁ" ብሎ ያልፋል፣ ሌላ ሰው ያነብለታል። ይህች ደንብ ባትኖር መጽሔቱ የጓደኛሞች ማኅበር እንደሚሆን አልጠራጠርም።

የሚመለሰው ሥራ ሁሉ ደካማ እንዳልሆነ ያየሁት እዚያ ተቀምጬ ነው። ስለ እናት የተጻፉ ግጥሞች በብዛት ይመጣሉ፤ ሁሉም ከልብ ናቸው። አንድ ቀጭን እትም ግን ከሁለት በላይ ሲጫንበት ሦስተኛዋ የፊተኞቹንም ታደበዝዛቸዋለች። ሁለት እኩል ጥሩ ልቦለዶች ሁለቱም በሞት የሚያልቁ ከሆነ አንዱ ወደሚቀጥለው እትም ይሻገራል፣ ወይም ይቀራል። ለላኪው ይህን የሚነግረው ሰው የለም፤ የሚደርሰው አጭር መልስ ነው።

ሒሳብም አለበት። መሃሉ ላይ በሽቦ ተመትቶ የሚታጠፍ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናልና። 48 ገጽ ሞልቶ አንዲት ግጥም ከተረፈች ለእሷ ሲባል ወደ 52 መሄድና ለቀሩት ሦስት ገጾች የሚሆን ነገር መፈለግ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ግማሽ ገጽ የምትይዝ ግጥም ስምንት ገጽ ከሚወስድ ልቦለድ ይልቅ መግቢያ አታጣም። ይህን ካየሁ ወዲህ ረዘም ያለ ልቦለድ በምልክበት ጊዜ መመሪያው ከፈቀደ አንድ አጭር ነገር አያይዛለሁ። የስንኝ ርዝመትም እንዲሁ ነው። ኤ5 ወረቀት (የኤ4 ግማሽ) ስፋቱ 148 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኅዳጉ ሲቀነስለት ኮምፒውተር ላይ በአንድ መስመር ያደረ ስንኝ ተሰብሮ ይወርዳል። የት እንደሚሰበር ገጣሚው ቀድሞ ካልወሰነ ገጹን የሚያቀናብረው ልጅ ይወስንለታል።

ወደ ሠዓሊዎቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ እንዳየሁት በተማሪ መጽሔት አብዝተው የሚበደሉት እነሱ ናቸው። የተለመደው አሠራር ጽሑፎቹ ተመርጠው ካለቁ በኋላ ሠዓሊ ፈልጎ "ለዚህ ታሪክ ሥዕል ሥራልን" ማለት ነው። ቀኑ ስላጠረ ሠዓሊው የመጀመሪያውን አንቀጽ ያነብና ያንኑ ይሥላል። ታሪኩ ልጅቷ መስኮት አጠገብ ቆማለች ካለ ሥዕሉም ላይ ልጅቷ መስኮት አጠገብ ቆማለች። አንባቢው አንዱን ነገር ሁለቴ ይነገረዋል።

እኛ ዘንድ ይህ የተቀየረው አንዲት ሠዓሊ "መጀመሪያ እኔ ያሉኝን ላሳያችሁ" ስትል ነው። ደብተሯ ውስጥ የባዶ ወንበሮች ንድፎች ነበሩ። አንዱን ስለ አባት ሞት በሚተርክ ልቦለድ አጠገብ አስቀመጥነው፤ ታሪኩ ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ደራሲው የተቀናበረውን ገጽ ሲያይ የመጨረሻውን አንቀጽ ሰረዘው፤ "ይሄ ብሎታል" አለ ወደ ንድፉ እያመለከተ። ከዚያ በኋላ ሥዕልና ፎቶግራፍ እንደ ጽሑፉ ሁሉ በራሳቸው እንዲላኩ፣ በራሳቸው እንዲመረጡ፣ ማውጫው ላይም ርእሳቸው፣ የሠራቸው ሰው ስምና የተሠሩበት ነገር (ከሰል፣ የውሃ ቀለም፣ ሌላም) እንዲጻፍ አደረግን። ማጣመሩ የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው፤ ሁሉንም አትመን ወለል ላይ እንዘረጋና እየተዟዟርን እናቀያይራለን። ከእትሙ ዝግጅት ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ብዙ ጠብም የሚነሳው እዚያው ነው።

ሥራቸውን ለሚልኩ ሠዓሊዎች ጥቂት ነገር ልንገር። 300 ዲፒአይ የሚባለው (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) የሚለካው ሥዕሉ በሚታተምበት መጠን ነው። ሙሉ ኤ5 ገጽ የሚይዝ ሥዕል 1748 በ2480 ፒክስል ገደማ ያስፈልገዋል፤ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚሞላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይጨመርበታል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ አፑ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ፍላሹን አጥፉ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያርፍበት የቀን ብርሃን ሥሩ፣ ስልኩንም ከሥዕሉ ጋር ትይዩ አድርጉት፤ አለዚያ አራት ማዕዘኑ ይንሻፈፋል። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ እንደሚደክም ቀድማችሁ ዕወቁ፤ ስክሪን ቀለም የሚያወጣው በብርሃን ነው፣ ማተሚያው ግን አራት ቀለም እያደራረበ ስለሆነ ሁሉንም ሊደርስበት አይችልም። ስስ የእርሳስ ንድፍ ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ስካን ሲደረግ ጠቆር ማድረግ ይረዳል።

አርትዖት ላይ የሠራልኝ ዘዴ አንድ ነው፤ የሰው ጽሑፍ ውስጥ ገብቼ አልለውጥም፣ ኅዳጉ ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ። "ይህ አንቀጽ ይውጣ" የተባለ ደራሲ መከላከል ይጀምራል። "እዚህ ጋ የሚናገረው ማን እንደሆነ ጠፋኝ" የተባለው ግን ራሱ ያስተካክለዋል። የኔ ጽሑፍ ሲታረምም በደረሰኝ ቀን አልመልስም። ሲያድር አብዛኛው እርማት ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ላልተቀበልኩት ምክንያቴን ጽፌ እመልሳለሁ።

ፊደል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን በመላው መጽሔት አንድ ለማድረግ ከመሞከር በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ወጥ መሆናቸውን መጠበቅ በቂ ነው ብለን ተስማማን፤ ስም ግን ባለቤቱ ራሱ እንደጻፈው ይታተማል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ፋይል አሁንም ይመጣል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ከጽሑፉ ጋር ፒዲኤፍ ይላክ እንላለን። የመጨረሻውን ንባብ ሁለት ሰው ይሠራዋል፤ አንዱ ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በገጹ ላይ ይከተላል።

መብትን በሚመለከት ላኪ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት መመሪያውን ያንብብ። ጤናማ የሆነው መጽሔቱ የመጀመሪያ የማሳተም መብትን ብቻ ወስዶ ቀሪው ለደራሲው ወይም ለሠዓሊው ሲቀር ነው። በገዛ ገጽ ላይ የተለጠፈን ግጥም "የታተመ" ብለው የማይቀበሉ መጽሔቶች ስላሉ ለመለጠፍ አለመቸኮል ይሻላል። አንድን ሥራ ለሁለት መጽሔት የላከ ሰው አንዱ ሲቀበለው ለሌላው ወዲያው ያሳውቅ።

የተማሪ መጽሔት ትልቁ ጠላት ምረቃ ነው። የሚያውቀው ሰው ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ አዲሶቹ ከዜሮ ይጀምራሉ። በመጨረሻው ዓመቴ ለተተኪዎቹ አንድ ፎልደር አዘጋጀሁ፦ የጥሪው ጽሑፍ፣ የአንባቢዎቹ ደንብ፣ የገጽ ቅንብሩ ፋይል ከነፎንቶቹ፣ የሁሉም ሥዕሎች ዋና ቅጂ፣ ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን በምን ዓይነት እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወሻ፣ "ለሚቀጥለው እትም ይቆይ" የተባሉት ሥራዎች ዝርዝርም ከባለቤቶቻቸው ፈቃድ ጋር። ለማን እንደሚሰጥም ስሙን ጽፌ ለሁለት ሰው አስረከብኩ፤ አንዱ የሁለተኛ ዓመት ጸሐፊ፣ ሌላዋ ሠዓሊ።