ለዜሮ የቀረበው ቁጥር የሸፈናቸው ፈላሲዎች

የአንድን የገጠር አካባቢ የሕዝብ ለውጥ እንዳጠና ኃላፊነት ሲሰጠኝ በእጄ የነበሩት በአሥር ዓመት ልዩነት የተካሄዱ ሁለት ቆጠራዎች፣ የወሊድና የሞት መዝገቦች እንዲሁም አንድ የቆየ ካርታ ነበሩ። ሥራውን የጀመርኩት ሥነ ሕዝብ ያጠና ሁሉ ከሚያውቀው ቀመር ነው፤ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከታየው ለውጥ ላይ በወሊድና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ሲነሣ የሚተርፈው የተጣራ ፍልሰት (ከገቡት ላይ የወጡት ሲቀነሱ የሚቀረው) ነው። የተረፈው ቁጥር ለዜሮ የቀረበ ስለነበር በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «በአካባቢው ያለው ፍልሰት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ድምዳሜ ስህተት ነበር።

መጠራጠር የጀመርኩት ሕዝቡን በዕድሜና በጾታ ደርድሮ የሚያሳየውን ሥዕል፣ የዕድሜ ፒራሚዱን፣ ስሠራ ነው። ከ20 እስከ 34 ዓመት ባለው ክፍል የፒራሚዱ ጎንና ጎን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ከ55 ዓመት በላይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ስፋት ይታያል። ነገሩን ለማጣራት በሁለቱ ቆጠራዎች ከ20 እስከ 24 ዓመት የነበሩትን አነጻጸርኩ፤ ይሁን እንጂ በኋለኛው ቆጠራ 20 ዓመት የሞላቸው በፊተኛው የ10 ዓመት ልጆች ስለነበሩ ያነጻጸርኩት ፈጽሞ የተለያዩ ሰዎችን ነበር። መከተል የነበረብኝ በአንድ ዘመን የተወለዱትን ሰዎች ነው፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ሆነው የተቆጠሩት ከአሥር ዓመት በኋላ የሚፈለጉት ከ25 እስከ 29 ባለው ረድፍ ውስጥ ነው። ለምሳሌ 1,000 ወጣቶች ቢኖሩና በሕይወት የመቆየት ምጣኔያቸው 0.97 ቢሆን፣ ፍልሰት ባይኖር ኖሮ 970 ሆነው መገኘት ነበረባቸው፤ የተገኙት 700 ከሆኑ ከወጡት ላይ የገቡት ተቀንሰው የ270 ሰዎች ጉድለት አለ ማለት ነው። ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክልል፣ ለወንድና ለሴት ለየብቻ ስሠራው፣ ወጣቶቹ በብዛት ሲወጡ በዕድሜ የገፉት ደግሞ ሲገቡ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ዜሮ የመሰለኝ ሁለቱ ጅረቶች በድምሩ ውስጥ ስለተጠፋፉ ነው።

የጂኦግራፊ ምሁሩ ራቨንስታይን የብሪታንያን የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ እያንዳንዱ ዋና የፍልሰት ጅረት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈስ ሌላ ጅረት እንደሚያስከትል፣ አብዛኛው ፈላሲም ሩቅ እንደማይሄድ አመልክቶ ነበር። ይህንን ሕግ በተማሪነቴ በቃሌ አውቀው ነበር፤ በራሴ ሰንጠረዥ ውስጥ ልፈልገው እንደሚገባ ግን አላሰብኩም።

የዕድሜ መረጃው ራሱም መመርመር ነበረበት። የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ዕድሜውን በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ 30፣ 40 እና 50 እንደ ምሰሶ ተገትረው፣ በአጠገባቸው ያሉት 29 እና 31 ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ለዚህ የዊፕል መለኪያ ጠቅሞኛል፤ ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ወስዶ መጠጋጋት ከሌለ 100፣ ሁሉም ሰው አጠጋግቶ ከተናገረ ደግሞ 500 ይሰጣል። የአስተዳደር ወሰን ለውጥንም የደረስኩበት ዘግይቼ ነው፤ አንድ መንደር በመካከሉ ወደ ጎረቤት አስተዳደር ተዛውሮ ስለነበር ነዋሪዎቹን ካሉበት ሳይነቃነቁ እንደ ፈላሲ ቆጥሬያቸው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን አሰፋፈሩ ነው። በሳተላይት ምስል ላይ ጣሪያ ስቆጥር የቤቶቹ ቁጥር ጨምሮ፣ አዲሶቹም መንገዱን ተከትለው በመስመር ተሠርተው ስላየሁ ሕዝቡ የበዛ መሰለኝ። በእግሬ ሄጄ ስመለከት ከአዲሶቹ ቤቶች ብዙዎቹ ተቆልፈዋል፤ ቁልፋቸውም ጎረቤት ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። የተሠሩት የሄዱት ልጆች በሚልኩት ገንዘብ ነው። የቤት ብዛት የሰው ብዛት ምስክር እንዳልሆነ፣ ቤተሰብ እያነሰ ሲሄድም ቤት ሊበዛ እንደሚችል የገባኝ እዚያ ነው።

አንዲት አዛውንት እናት በቤታቸው ስንት ሰው እንደሚኖር ስጠይቃቸው «ሦስት ነን» አሉኝ። በቤቱ ውስጥ ያሉት እርሳቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው ብቻ ነበሩ፤ ሦስተኛው ከሄደ አራት ዓመት ያለፈው ልጃቸው ነው፤ አልጋውም እንደተነጠፈ ነበር። ቆጠራ ሰውን በዘወትር መኖሪያው ነው የሚመዘግበው ወይስ በዕለቱ በተገኘበት ቦታ የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ መልስ በላይ ያስረዳኝ የለም። እርሳቸው አልዋሹም፤ የእኔ ቅጽ ነው ለልጃቸው ቦታ ያልነበረው።

በመጨረሻው ረቂቅ ፍልሰቱ «እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ያልኩበትን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ በምትኩ የወጡትንና የገቡትን በዕድሜና በጾታ የሚለይ ሰንጠረዥ አስገባሁ፤ በቅጹም ላይ ከ12 ወር በላይ ርቀው ለሚኖሩ የቤተሰብ አባላት የተለየ ዓምድ ጨምሬ እነዚያን ቤቶች እንደገና ዞርኩ።