የአያቴን ቤት ለክቼ ነው የተማርኩት

በመድረክ ንድፍ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሳመለክት ደሴ ነበርኩ። ትምህርት ቤቶቹ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ናሙናዎች ስብስብ፣ ይጠይቃሉ። እኔ የነበረኝ የሦስት ቴአትር ዲኮር ፎቶ ነው። ሦስቱም ላይ የደሴው ጦሳ ተራራ በጨርቅ ተስሎ ከተዋናዮቹ ኋላ ተሰቅሏል። አልተቀበሉኝም። በጣም ከፋኝ።

በዚያው ሰሞን ሐይቅ አያቴ ቤት ሄድኩ። ማታ ወዳጃ ነበር፤ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። ዱዓ የሚያደርጉት ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ረከቦቱ በሩ አጠገብ ነው፤ የዕጣኑ ጭስ ኩራዙ ጋ ሲደርስ ይታያል። ቤቱ መሐል ወፍራም ምሰሶ አለ። ግን ሽማግሌው ለማንም አልተጋረዱም። የገባው ሁሉ ምሰሶውን አይቶ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም።

በማግስቱ ሜትር አውጥቼ ቤቱን ለካሁ። አያቴ «ልትሸጠው ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ኧረ በትንሹ ልሠራው ነው» አልኳቸው።

ሞዴሉን በ1:25 ልኬት ነው የሠራሁት። 1 ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው 7 ሳንቲ ሜትር። ግድግዳው የጫማ ካርቶን፣ ምሰሶው እንጨት። በበሩ ቀዳዳ የስልክ መብራት አስገብቼ፣ ካሜራውን በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ አድርጌ አነሳሁት። ከወለል ፕላኑና ከተበላሹት ሙከራዎች ጋር ላክኩት። ተቀበሉኝ። ለምታመለክቱ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ያለቀውን ብቻ አትላኩ፣ የሄዳችሁበትንም መንገድ አሳዩ።

ውጭ አገር ሄጄ በመጀመሪያው ወር ያንኑ ቤት ለአንድ ቴአትር ነደፍኩት። መምህሬ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን በሞዴሉ ጠርዝ፣ በዳር ወንበር ቦታ ላይ አደረገና «ከዚህ ዋናዋ ተዋናይ አትታየኝም» አለኝ። ምሰሶው! ተመልካች እንደ ወዳጃ ታዳሚ ፈቀቅ አይልም፤ ወንበሩ በብሎን ታስሯል። ሌሊቱን ሙሉ ከየወንበሩ ወደ መድረኩ መስመር ሳሰምር አደርኩ።

ቆይቶ ስለ ስዊሱ አዶልፍ አፒያ (1862–1928) ተማርን። ሥጋ ለባሽ ተዋናይ ከተሳለ ጨርቅ ጋር አይሄድም ብሎ መድረኩን በደረጃና በብርሃን የገነባ ሰው ነው። ጦሳዬ ትዝ አለኝ። ደሴ እኮ ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ሰው ሲወርድና ሲወጣ እያየሁ አድጌ ጨርቅ ላይ ልስላት!

ለእረፍት ስመለስ ሞዴሉን ለአያቴ አሳየኋቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ትንሿን ረከቦት በጣታቸው ወደ በሩ ጠጋ አደረጓት።