ከኪሎ ሜትሩ በፊት ውሎውን ጠይቁ፦ ሰፊ ያገለገለ የናፍጣ መኪና አመራረጥ

ያገለገለ የናፍጣ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። በረጅም መንገድ ላይ ሞቆ፣ ዘይቱ በሰዓቱ እየተቀየረ 280,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር፣ በከተማ ውስጥ ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር እየተመላለሰ 90,000 ከሞላው ብዙ ጊዜ በጤና ይበልጣል። የናፍጣ ሞተር ቶሎ አይሞቅም። በአጭር መንገድ ዘይቱ ሳይሞቅ፣ ጥቀርሻው ሳይቃጠል ይጠፋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው የኢጂአር ቫልቭና የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ (አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) በዘይትና በጥቀርሻ ጭቃ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ዲፒኤፍ የሚባለው የጥቀርሻ ማጣሪያም ይደፈናል። ስለዚህ ሻጩን ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው የት ይውል እንደነበር፣ ማን ይነዳው እንደነበር ጠይቁት።

ያው ጥያቄ ለገዢውም ይመለሳል። የእናንተ የቀን መንገድ ከ10 ኪሎ ሜትር የማይዘልና በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ረጅም መንገድ የማትወጡ ከሆነ፣ ዲፒኤፍ ያለው ናፍጣ ለእናንተ አልተሠራም። የቤንዚን ወይም የሃይብሪድ ሰፊ መኪና ፈልጉ፤ የግድ ናፍጣ ካላችሁ ደግሞ ማጣሪያ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ።

ማጣሪያው ሥራው እንዲህ ነው። ጥቀርሻውን ይይዛል፤ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ዘግይቶ እየረጨ የማጣሪያውን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርስና ያቃጥለዋል። ይህ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ያልተቋረጠ ጉዞ ይፈልጋል። መሃል ላይ ሞተሩ ከጠፋ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ላይ ከላይኛው ምልክት አልፎ የሚታይ፣ ሲሸት ናፍጣ ናፍጣ የሚል ዘይት ካገኛችሁ፣ ያ መኪና በከተማ ውስጥ ሲሰቃይ የኖረ ነው። ዘይት ጎደለ ብለው የሚጨነቁ ብዙዎች ናቸው፤ በናፍጣ ግን ዘይት መብዛቱ ይብሳል፣ ቀጥኖ ኩሽኔታዎቹን (የሚዞሩት ዘንጎች የሚያርፉባቸውን ክፍሎች) አያለሰልስምና። ደግሞም ጥቀርሻ ቢቃጠልም ከዘይቱ የሚመጣው አመድ አይቃጠልም። ማጣሪያው ውስጥ እየተጠራቀመ አንድ ቀን ወይ ማጽዳት ወይ መቀየር ያስገድዳል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሞተር አመዱ ያነሰ ዘይት የሚታዘዝለት፤ ተራ ዘይት ርካሽ ቢመስልም የማጣሪያውን ዕድሜ ይበላል።

የምትቀዱትን ናፍጣም አስቡበት። የዩሮ 5 እና የዩሮ 6 (የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃዎች) ሞተሮች ሰልፈሩ ከሚሊዮን ክፍል ከ10 በማይበልጥ ናፍጣ እንዲሠሩ የተሰናዱ ናቸው። ይህን በማታገኙበት ቦታ የምትነዱ ከሆነ አዲስነቱ ጥቅም ሳይሆን ዕዳ ነው። ብዙዎቹ የዩሮ 6 መኪኖች አድብሉ የሚባል የጭስ ማጽጃ ፈሳሽም ይጠይቃሉ፦ 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለበት ውሃ ነው፤ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ ሲፈስ ነጭ ጨው ይሠራል። ፓምፑና ማሞቂያው ጋኑ ላይ ስለሚገጠሙ ሲበላሹ ጥገናው ቀላል አይደለም፤ ፈሳሹ ካለቀ ደግሞ መኪናው እንደገና አልነሳም ይላል።

ሞተሩን በስሙ እወቁ

«ባለ 2.5 ናፍጣ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ሁለት መኪኖች የተለያየ ሞተር ሊኖራቸው ይችላል፤ የሞተሩን ኮድ ከአምራቹ የመለያ ሰሌዳ ላይ አንብቡ።

የቶዮታ 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ ፓምፑ ሜካኒካል ነው፣ መጥፎ ናፍጣም ይችላል። ቀርፋፋ ነው፤ ዳገት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የታይሚንግ ቺንጋውን (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያናብበውን ቀበቶ) በ100,000 ኪሎ ሜትር ከቀየራችሁለት ሌላ ብዙ አይጠይቃችሁም። 1ኬዜድ-ቲኢ 3.0 ከሆነ ግን ዓይናችሁ ራዲያተሩ ላይ ይሁን፤ አንድ ጊዜ በጣም ከሞቀ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ይሰነጠቃል። በኋላ የመጣው 1ኬዲ-ኤፍቲቪ ጉልበቱም የነዳጅ አጠቃቀሙም የተሻለ ነው፤ ድክመቱ ናፍጣ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) ናቸው። ሲያስተነፍሱ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ እንደ ቅጥራን ይወፍራል፣ የዘይት ቋቱ ውስጥ ያለው የመምጠጫ ወንፊት ይደፈናል፤ ከዚያ ቱርቦውና ኩሽኔታዎቹ ይሄዳሉ። ሶሬንቶና ስታሬክስ ላይ የሚገኘው ዲ4ሲቢ 2.5ም በዚሁ መንገድ ይታመማል። የፔጆና የሲትሮዌን ባለ 16 ቫልቭ 1.6 ኤችዲአይም እንዲሁ፤ ቱርቦ ተቀይሮለት በሳምንቱ ሌላ ቱርቦ የጠየቀ 1.6 ካያችሁ፣ ጥፋቱ የቱርቦው ሳይሆን ያልጸዳው የዘይት መስመር ነው። የእነዚሁ አምራቾች ባለ 8 ቫልቭ 2.0 ኤችዲአይ ግን ከምመርጣቸው አንዱ ነው፤ ቀላል፣ ቆጣቢ፣ ለመጠገንም የሚመች።

የፎልክስዋገን 1.9 ቲዲአይ ስሙን በሥራው ያገኘ ነው። ፓምፕ ዱዘ የሚባለው (በየኢንጀክተሩ ፓምፕ ያለው) ዓይነት ከሆነ 505.01 የሚለውን ደረጃ የሚያሟላ ዘይት ብቻ ይሰጠው፤ በሌላ ዘይት ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ይበላል። የፓሳት የመጀመሪያዎቹ 2.0 ፓምፕ ዱዘዎች አንዳንዶቹ የዘይት ፓምፑን የምታዞር ትንሽ ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ አላቸው፤ ዘንጓ ማዕዘኗ ተበልቶ ፓምፑን ማዞር ስታቆም የዘይት ግፊት ወዲያው ይጠፋል። የዘይት መብራት ብልጭ ያለበት እንዲህ ያለ ሞተር ቢረክስም አልገዛውም። የቢኤምደብሊው ኤን47፣ በተለይ ከ2007 እስከ 2011 የተሠራው፣ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ከሞተሩ ኋላ በማርሹ በኩል ነው። ከኋላ የመንኳኳት ድምፅ ከሰማችሁ ሞተር ማውረድ ሊመጣ ነው። የመርሴዲስ ኦኤም606 ግን፣ አሮጌ ቢሆንም፣ በሰፊ የኢ-ክላስ ስቴሽን ውስጥ ሲገኝ ደስ የሚል ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ከሞተሩ ይልቅ የአካሉን ዝገት መርምሩ።

ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም

ሻጩን አስቀድማችሁ «እስክንመጣ ድረስ አታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ፣ ከዚያም ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቆ ካገኛችሁት ወይ ሌላ ቀን ተመለሱ ወይ ተዉት። የሞቀ ሞተር ደካማ ኮምፕሬሽንንም (የሲሊንደሩን አየር የመጨመቅ ኃይል)፣ የሞተ ካንዴሌታንም (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀውን) ይሸፍናል።

ቁልፉን ሳታስነሱ አንድ እርከን አዙሩ። ቼክ ኢንጅን፣ የዘይትና የካንዴሌታ መብራቶች ሁሉም መብራት አለባቸው። ጨርሶ ያልበራ መብራት ከሚበራው ይበልጥ ያሳስባል፤ ሰው ነካክቶት ሊሆን ይችላል። አስነሱት። ጤነኛ ናፍጣ በአንድ ሁለት ሰከንድ ይነሳል። ነጭ ጭስ ለጥቂት ሰከንድ ቢታይ ምንም አይደለም። እየተንቀጠቀጠ ከደቂቃ በላይ ነጭ የሚያጨስ ከሆነ ካንዴሌታው ሞቷል ወይም ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ሁለተኛው ሞተር ማውረድ ነው፤ ለመለየት የካንዴሌታዎቹን መቋቋም በኦም መለኪያ ለኩ፤ ጤነኛው ብዙ ጊዜ 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል፣ የሞተው ምንም አያነብም።

በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ፍቱና አፉ ላይ አስቀምጡት። ትንሽ መርገብገብ ያለ ነው። ክዳኑ ከዘለለ፣ ወይም ጭስ ፉት ፉት እያለ ከወጣ የፒስተኑ ፋሻና (ቀለበቱና) ሲሊንደሩ ተበልተዋል። ኢንጀክተሮቹ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ካለ፣ ወይም «ቹፍ ቹፍ» የሚል ትንፋሽ ከተሰማ ሮንዴላው አልቋል። የራዲያተሩን ጎማ ቱቦ ከተነሳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጨብጡት፤ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ያ ወይ ከቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበልቶ ነው ወይ ቴስታታው ተሰንጥቆ ነው።

አሁን ሞተሩን አጥፉና ሲጠፋ አድምጡ። ሲጠፋ የሚንገጫገጭ፣ በሚኒሞም ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖው (በሞተሩና በፍሪሲዮኑ መሃል ያለው ከባድ መዘውር) አልቋል። ከፍሪሲዮኑ ጋር አንድ ላይ ይቀየራል፤ ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አትርሱ።

ጣታችሁን የጭስ ማውጫው አፍ ውስጥ አዙሩ። ዲፒኤፍ ያለው ጤነኛ መኪና ውስጡ ግራጫ ሆኖ ጣት ብዙም አያጠቁርም። ወፍራም ጥቁር ጥቀርሻ ከወጣ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ውስጡ ተቆርጦ ወጥቷል። «ዲፒኤፉን አስወጥቼዋለሁ» የሚል ሻጭ እንደ ጥቅም ሲያወራው ይሰማል፤ በብዙ አገር የቴክኒክ ምርመራ እንዲህ ያለውን መኪና አያሳልፍም።

መንገድ ላይ

ሙከራው ከግማሽ ሰዓት አይነስ። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ደርሶ መቆም አለበት፤ ብዙ ጊዜ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዝርግ መንገድ ወደ ታች ከተመለሰ ቴርሞስታቱ (የውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው) ክፍት ቀርቷል። ሰው ይህን ይንቀዋል፤ ነገር ግን በቂ ሙቀት ከሌለ ኮምፒውተሩ ማጣሪያውን ማቃጠል አይጀምርም፣ ትንሽ ዕቃ ትልቁን ይደፍነዋል።

በአራተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ርገጡ። ዙሩ ዘልሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጉልበቱ ድንገት ተቆርጦ መኪናው ከቀረ ቱርቦው ወይም የቱርቦው መቆጣጠሪያ ታሟል። ኋላ የሚመለከት ሰው ይኑራችሁ፦ ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ናፍጣ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ዘይት መቃጠሉን፣ ሲሞቅም የማያቆም ነጭ ውሃ መግባቱን ይናገራል። አውቶማቲክ ከሆነ የማርሽ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው» የሚለው መልስ አያጽናናም፤ ከባድ መኪና የሚጎትት ማርሽ በ60,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ ዘይት ይወዳል።

የኮምፒውተር መመርመሪያ ይዞ የሚመጣ መካኒክ ካላችሁ ኮድ ማንበብ ብቻ አይበቃም። ኮዶቹ ከተሰረዙ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ያሳያል፤ 12 ኪሎ ሜትር የሚል ካነበባችሁ ትናንት ማታ የተደበቀ ነገር አለ። ማጣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ ከጸዳ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ የእያንዳንዱ ኢንጀክተር ማስተካከያ ቁጥር ስንት እንደሆነ እዩ። ሦስቱ ለዜሮ ቀርበው አንዱ ብቻውን ርቆ ከሄደ ያ ኢንጀክተር ታሟል።

ስፋት ሲባል

ወንበር መቁጠር ስፋትን አይነግርም። ሰባት ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝን 525 ኪሎ ነው። ከበር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት ወስዳችሁ የባዶውን ክብደት ቀንሱ፤ ብዙ ባለ ሰባት ወንበር መኪኖች ላይ የሚተርፈው ከ500 እስከ 650 ኪሎ ነው። አንዳንድ አምራቾች በባዶው ክብደት ውስጥ 75 ኪሎ ሾፌር አስገብተዋል፣ ሌሎቹ አላስገቡም። ሰባት ጎልማሳና ሻንጣ ሲጫን ፍሬኑና የኋላ ስፕሪንጉ ገደብ ላይ ናቸው ማለት ነው። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ደግሞ የዕቃው ቦታ ወደ ሁለት የገበያ ዘንቢል ይወርዳል። ዕቃና ሰው አብረው የሚሄዱ ከሆነ የቫን አካል ያለውን ወይም ረጅሙን ስቴሽን ምረጡ፦ በ2015 የወጣው ሱፐርብ ኮምቢ 660 ሊትር፣ ኤስ212 የሚባለው የኢ-ክላስ ስቴሽን 695 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱም ግን አምስት ሰው በምቾት ለሚሄድበት ነው። የኋለኛው ኋላው በአየር ከረጢት የቆመ ነው፤ አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት ተጎንብሶ ከተገኘ ከረጢቱ ተንፍሷል።

ቁመቱ ረዘም ያለውን ሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጡትና ሩብ ሰዓት ንዱት፤ ጉልበቱ አገጩ አጠገብ ከደረሰ መልሱን ከእሱ ትሰማላችሁ። የልጅ ወንበር ካላችሁ ሦስቱን አምጥታችሁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ሞክሩ፤ መሃሉ የጠበበ ብዙ ነው። የጎን መጋረጃ ኤርባጉ እስከ ሦስተኛው ረድፍ መድረሱንም ጠይቁ።

ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ፣ ረጅም መንገድ ሳይወጡበት፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮው፣ የናፍጣና የአየር ፊልትሮ ይቀየሩ። የታይሚንግ ቺንጋው መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ ከውሃ ፓምፑና ከመወጠሪያው ጋር አንድ ላይ ይግባ። የናፍጣ ፊልትሮው ሲወጣ ውስጡን ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱት። ውሃ ከታች ይተኛል፤ እሱ በማፍሰስ ይታረማል። እንደ ብር ዱቄት የሚያብለጨልጭ ካለ ግን ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ራሱን እየፈጨ ነው፤ ፍጩ ኢንጀክተሮቹ ውስጥ ገብቶ ሁሉን እንዳያጠፋ ሞተሩን አታስነሱት። የሮንዴላ ችግር ካላቸው ሞተሮች አንዱን ከገዛችሁ፣ በዚያው ቀን የዘይት ቋቱ ይውረድና ወንፊቱ ይታይ።